ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ

ከፊቴ ያለው ሸክላ በሰብሳቢዎች ሚዛን ዋጋ የለውም። ሽፋኑ ከአንድ ጎኑ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። በፊተኛው ገጽ ላይ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ መሐሉ የሚገባ ጭረት አለበት። በመሐል ያለው ክብ ወረቀት ላይ ደግሞ ቢራ ይሁን ጠላ ያልታወቀ ነገር ፈስሶ ደርቆበታል። ሸክላው ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሬከርድስ በኩል ያወጣው «ቼ በለው» ነው። የሚገኘውም ደባርቅ፣ አጎቴ ቤት ነው። ስሙን ካወጣለት እንስሳ ጋር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል ማለት ነው። (አንባቢ እንደሚያውቀው ዋልያ ከስሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የዚህ ሸክላ የመጀመሪያ ኅትመትም ቢሆን ከዋልያው የሚበልጥ ቁጥር ተርፎለት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።)

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰበት ሰሞን የደባርቅ ሰው ወደ ጎንደር ይጎርፍ ነበር። የአጎቴ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው፣ ከቤት ሲወጡ በነጠላ ጠቅልለው በብብታቸው የያዙት ሁለት ነገር ነበር፤ የቤቱን ካርታና ይህንን ሸክላ። ልብ በሉ፣ በቤቱ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ የለም። የነበረው ከተሰበረ ሃያ ዓመት አልፎታል። «ምን ሊሠራልዎ ያዙት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ታዲያ ለማን ልተወው?» ነበር መልሳቸው።

ስለ አሮጌ ሸክላዎቻችን ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውም በውጭ ሰዎች የተጻፈ ነው። እኔም ከዚያ ጽሑፍ ብዙ ተምሬአለሁና አላጣጥለውም። ነገር ግን እትዬ ያንን ሸክላ ለምን እንደያዙት የሚነግረኝ መሥመር በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አላገኘሁም። ሂስ አንድን ሥራ ለማን ምን እንደሆነ ካልነገረን ዋጋ ዝርዝር ይሆናል። ስለዚህ እኔው ልሞክር።

አጎቴ፣ ጋሼ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ቡና ቤት ነበራቸው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ፣ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ ወደ ሽሬና ወደ አክሱም የሚዘልቀው መንገድ በደጃቸው ያልፋል። ሸክላ የሚያመጡላቸው ሾፌሮች ነበሩ። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከአሥመራ፣ ለምሳና ለአልጋ እየቀነሱላቸው ያመጡላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ አንድ የእንጨት ሣጥን ሞላ። እኔ ስወለድ ዘመኑ የካሴት ሆኖ ስለነበር ሣጥኑን የማውቀው የዳንቴል ጨርቅ ለብሶ የራዲዮ ማስቀመጫ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማልኮራበትን ነገር መናገር አለብኝ። በ1999 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አንድ የውጭ ሰው ወደ ተራራው ሊወጣ ደባርቅ መጣ። ለካስ ከዝንጀሮውና ከዋልያው ይልቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ኖሯል፤ «በዚህ ከተማ አሮጌ ሸክላ ያለው ሰው ማን ነው?» እያለ ይጠይቃል። አስተርጓሚ ሆኜ ወደ ጋሼ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ሸክላዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበለ፣ እንደ እንቁላል ነጋዴ እያገላበጠ መረመረ። ዋጋውን በፍሬ ሃያ ብር አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው «ምን ይሻላል?» አሉኝ። ማጫወቻው ተሰብሯል፣ ካሴት አለ፣ ዕቃው ቦታ ይዟል ብዬ «ይሽጡለት» አልኩ። ለኔም መቶ ብር ደረሰኝ፤ ጫማ ገዛሁበት። የጥላሁን፣ የማሕሙድ፣ የአለማየሁ እሸቴ ነጠላ ሸክላዎች ሁሉ በዚያን ዕለት ሄዱ። «ቼ በለው»ን ግን ሰውዬው ጭረቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጎን አኖረው። እትዬ አንሥተው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ።

ያንን ሰው አላማውም። ሻጭና ገዢ ተስማምተው የተለያዩበት ነገር ነው፤ ያልተስማማው በኋላ አንባቢ የሆነው አስተርጓሚ ነው።

ሸክላ በሀገራችን የኖረው ዕድሜ አጭር ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የአለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች ነበሩ፤ የታተሙትም ሕንድ ሀገር ተልከው ነው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ፤ ከዚያ ስደት ሄደ። ዓሊ አብደላ ካይፋም በዚያው ዘመን ገብቶ ሥራውን ቀጠለበት፤ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካሴት መጣና ሸክላ አበቃለት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢቆጠር አሥር ዓመት ብዙም አያልፍም።

የውጭው ጆሮ የነቃው ዘግይቶ ነው። «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ ማብቂያ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ኅትመት ፓሪስ ላይ ጀመረ፤ ዛሬ ከሠላሳ ቅጽ በላይ ሆኗል። የሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ነገሩ የጥቂት አዋቂዎች ምስጢር መሆኑ ቀረ። ዋናውን ሸክላ ፍለጋ መርካቶና ፒያሳ የሚያስስ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደባርቅ የሚዘልቅ ሰው የበዛው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰብሳቢ የራሱ ቋንቋ አለው። ሸክላውን በማዕረግ ይከፍለዋል፤ ያልተነካ፣ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደከም ያለ። ሙዚቃውንም በመደርደሪያ ይከፍለዋል፤ ሶል፣ ፈንክ፣ ጃዝ፣ ሳይኬደሊክ። «ቼ በለው» በሽያጭ ዝርዝሮች ላይ ከእነዚህ ስሞች ያልተለጠፈበት የለም። የእኔ ጠብ በተለይ ከመጨረሻው ጋር ነው።

«ሳይኬደሊክ» በ1950ዎቹ ከግሪክኛ ተሰናስሎ የተፈጠረ የሐኪም ቃል ነው። አእምሮን ገልጦ የሚያሳይ ለማለት ነው፤ በመጀመሪያ የተነገረውም ቅዠት ስለሚያመጡ መድኃኒቶች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 እና 1967 ጀምሮ የሙዚቃ ስም ሆነ፤ ሳን ፍራንሲስኮና ለንደን፣ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ፒንክ ፍሎይድ፣ የቢትልሶች «ሳርጀንት ፔፐር»። ጊታሩ እንዲሻክር ተደረገ፤ ኦርጋኑ እንዲንቀጠቀጥ ተደረገ፤ ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ አጥሩ ወጥቶ እንዲንከራተት ተፈቀደለት። ዓላማው የለመደውን ጆሮ ከለመደው ነገር ማፋታት ነበር። ዛምቢያ ውስጥም በ1970ዎቹ እንደ አማናዝና ዊች ያሉ ባንዶች ያንን መንገድ አውቀው ተከተሉ፤ «ዛምሮክ» ሲባሉ ስሙ ይስማማቸዋል።

ወደ እኛ ስንመጣስ? በሙላቱ እ.ኤ.አ. የ1974 «ኢትዮ ጃዝ» ሸክላ ላይ የሻከረ ጊታር አለ። በ«ቼ በለው»ም ላይ የማሕሙድ አማን ጊታር በእግር በሚረገጠው «ዋ-ዋ» መሣሪያ እየተጣመመ ይሄዳል፤ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ይርገበገባል። መሣሪያው ያው ነው፤ ይህንን የሚክድ የለም። ግን የሻከረ ድምፅ ለእኛ ጆሮ ከለመደው ነገር መለያያ ነውን? በገናን የሰማ ሰው ይመስክር። የበገና ክር ከሚያርፍበት ድልድይ ላይ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገቡበታል፤ ሥራቸው ክሩ ጥርት ብሎ እንዳይሰማ፣ እንዲነዝር ማድረግ ነው። የማሲንቆ ፈረስ ጭራም ቢሆን ለስላሳ አይደለም። ለንደን ውስጥ በኤሌክትሪክ የተፈለገው ንዝረት እኛ ዘንድ በጾም የሚሰማ፣ አያት ለልጅ ልጅ ያወረሰው ነው። ቅኝታችንም እንደዚሁ ነው። አንቺ ሆዬ ውስጥ ተጠጋግተው የሚቀመጡት ድምፆች ለውጭ ሰው ጆሮ ምትሐት ይመስሉታል፤ ሕልም ውስጥ የገባ ይመስለዋል። የጎንደር ልጅ ግን በዚያ ድምፅ ወደ ሕልም አይገባም፤ አዝማሪ ቤት ነው የሚገባ። እንግዲህ ያው ሸክላ አንዱን ከቤቱ ያወጣዋል፣ ሌላውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ሳይኬደሊክ የሚለው መለያ የሚነግረን ስለ ፊተኛው አድማጭ ብቻ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ላምን። «ቼ በለው» ሲታተም ለደባርቅም እንግዳ ነገር ነበር። እንግድነቱ ግን ከኦርጋኑም ከጊታሩም አልመጣም። ሸክላው ዘፋኝ የለውም።

ጋሼ እንደሚያጫውቱኝ ሸክላውን አንድ ሾፌር ያመጣላቸው በ1970 ዓ.ም.፣ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ በነበረበት ዘመን ነው። ኢዲዩ በሁመራና በመተማ በኩል ከደርግ ጋር ተዋግቷል፤ ጎንደር ላይ ቀይ ሽብር ነው። ማታ ማጫወቻው ላይ አደረጉት። ፈረስ የሚጋልብ የሚመስል ምት መጣ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ገቡ፣ ኦርጋኑ ገባ፤ ቤቱ ዘፋኙን ጠበቀ። ዘፋኙ አልመጣም። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ «ዘፋኙ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ጋሼ እንደሚሉት ያን ጊዜ «እገሌ የት ሄደ?» ለሚል ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ከሸክላው ጀርባ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ዋልያሶች የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ባንድ ነበሩ። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፤ ለዚህ ሸክላ ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጨምሮበታል። የሰዓት እላፊ ዘመን ስለነበር በምሽት ክበቦች የገባ ሰው እስከ ንጋት አይወጣም፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። ግጥም ሳንሱር አለበት። ቃል የሌለውን ዜማ ግን የሚያርመው ማን ነው?

በእኔ ግምት የ«ቼ በለው» ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። «ሎሚ ተራ ተራ»፣ «ወገኔ»፣ «ብርቱካኔ»፣ በትግርኛ ስሙ «እቲ ጓል ብሌናይ»፤ እነዚህ ስሞች ብቻቸውን ቃል ያስታውሳሉ። የኃይሉን ቀኝ እጅ ልብ ብላችሁ አድምጡ። እንደ ሮክ ኦርጋን ተጫዋች ድምፅ እየደራረበ አዳራሹን አይሞላም። አንድ ዜማ ይይዝና እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ያወዛውዘዋል፤ ትንፋሽ የሚወስድ ይመስል ይቆማል፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዘፋኙን ደምስሶ በቦታው መሣሪያ አላቆመም። ዘፋኙ እንዳለ አድርጎ አጅቦ፣ ቃሉን ብቻ ባዶ ተወው። ባዶውን የሚሞላ አድማጩ ነው።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በእኛ ሀገር ግጥም የሚሰጥ ተቀማጩ ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። «ቼ በለው» ተቀማጩን «ግጥም ስጥ» ብሎ የሚጠብቅ ሸክላ ነው። ዓመቱ ደግሞ ግጥም ጮክ ብሎ መስጠት ሰው የሚያስበላበት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ግጥሙን በሆዱ ይዞ አደመጠ። ጋሼ ቤት ውስጥ ሰዎች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ድምፅ ሳያወጡ የሚያዜሙበት ዘፈን ነበረ፤ «የሚያስለቅስ ፍቅር»። እትዬ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ወንድማቸው ጎንደር ተይዞ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

ሳይኬደሊክ ማለት አእምሮን ገልጦ ማሳየት ከሆነ፣ ይህ ሸክላ አእምሮን ሸፍኖ የሚያስቀምጥ ነው። ተቃራኒው ነው!

ሁሉም ዜማ ግን እኩል አይደለም፤ አድናቆት ዓይን እንዳይሸፍነን። ባንዱ የሆቴል ባንድ መሆኑ አንዳንድ ቦታ ይታወቃል። ጥቂቶቹ ዝግተኛ ዜማዎች እራት ለሚበላ ዲፕሎማት እንዳይረብሹት ተጠንቅቀው የተሠሩ ይመስላሉ፤ «እባክሽ ታረቂኝ» ልብን ሳይወጋ አልፎኛል። በአንጻሩ ብዙ የውጭ ባንዶች የሚጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት» ዝናው የሚገባው ነው። ቤዝ ጊታሩ ያንኑ ሐረግ ሳይሰለች እየመለሰ ሲያመጣው፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከላይ እንደ ጭፈራ ተቀባይ አንድ ላይ ሲገቡ፣ ሰውነት ሳይወድ በግዱ ይንቀሳቀሳል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢዎች ከሸክላው ሁሉ ይህንን አንድ ዜማ መርጠው ማንሣታቸው አይገርመኝም፤ ቃል ሳይጠብቅ በራሱ የሚቆም እሱ ብቻ ነው። ግጥም ለሌለው እንግዳ በሩ ክፍት ነው።

ርዕሱንም የተመለከተው ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። «ቼ!» ፈረስና በቅሎ የሚነዳበት ድምፅ ነው፤ ደባርቅ ላይ ጎብኝ ጭነው ወደ ተራራው የሚወጡ በቅሎ ነጂዎች ቀኑን ሙሉ የሚሉት። ጦርነት በየአቅጣጫው በነበረበት ዓመት ግን «ቼ በለው» የፉከራም ድምፅ አለው። ሆቴል ውስጥ የሚጨፍር ሰው እንደ ጭፈራ ይሰማዋል፣ ዘማች እንደ ዘመቻ፣ በቅሎ ነጂ እንደ በቅሎ ነጂ። ሰምና ወርቅን የለመደ ሕዝብ ባይኖር ይህ ርዕስ ተራ ርዕስ ይሆን ነበር።

ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለትዕይንት ሄዱ፤ ኃይሉና ግርማን ጨምሮ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ የ1985 ካሴቱን፣ በ2014 ደግሞ «ቼ በለው»ን እንደገና አሳተመለት፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 አዲስ ሥራ አወጣ። እንግዲህ የሰብሳቢዎቹ ጥድፊያ አንድን አዛውንት ወደ ኦርጋኑ መልሶታል። ይህንን ዘንግቶ ስለ «ተዘረፈ ቅርስ» ብቻ መጮህ ሐቀኝነት አይሆንም። እኔ ራሴ ይህንን ሁሉ ለመጻፍ ያበቃኝ ያ ዳግም ኅትመት ነው፤ የቤዝ ጊታሩን ሐረግ በጥራት የሰማሁት፣ የሙላቱ ቫይብራፎን የት የት እንደሚገባ የለየሁት በእሱ ነው። ከጋሼ ሸክላ ይህ አይሰማም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። የሰብሳቢ ሂስ «ወርቃማው ዘመን» ብሎ ከ1969 እስከ 1978 ባለው ዓመት ላይ አጥር አጥሯል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የካሴት ዘመን፣ ሮሃ ባንድ ያጀበው ሁሉ፣ ሸክላ ስላልሆነ ብቻ እንደ ውድቀት ይጻፋል። ደባርቅ ላይ ግን ሙዚቃ የሰማው ሰው የበዛው በካሴት ነው፤ ባትሪ ድንጋይ ያለው እረኛ ሁሉ ሰምቷል። ሸክላ የቡና ቤትና የሀብታም ሳሎን ዕቃ ነበር። የዕቃ ብርቅነት የሙዚቃ ልቀት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ የሚናገረው ነጋዴ ነው፤ ሐያሲ ዝም ብሏል። እኛም ያንን ንግግር ተውሰን «ሳይኬደሊክ» እና «ግሩቭ» እያልን ስለ ራሳችን ዜማ በእንግዳ አፍ ማውራት ጀምረናል፤ «ዘፋኙ የት ሄደ?» ያሉት የደባርቅ ሽማግሌ ከብዙዎቻችን የተሻሉ ሐያሲ ነበሩ።

በቅርቡ ደባርቅ ስሄድ ከአዲስ አበባ አንድ ትንሽ ሸክላ ማጫወቻ ገዝቼ ይዤ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ እስከ ማታ ጠበቅን። ሲመጣ ጋሼ ጭረት የሌለበትን ገጽ እንዲጫወት ፈለጉ፤ እትዬ ግን «የለም፣ በፊቱ በኩል አድርገው» አሉኝ። መርፌው ጭረቱ ላይ ሲደርስ ቀጭ እያለ፣ ቀጭ እያለ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ተያዘና ያንኑ ግማሽ ሐረግ መደጋገም ጀመረ። ላነሣው እጄን ስዘረጋ እትዬ ያዙኝ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ግጥሙን ሲጨርሱ «አሁን አንሣው» አሉኝ።